በአፉላ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ያለው ስም

እሑድ ጠዋት ወታደር ልጃችሁን ለመሸኘት አፉላ ባቡር ጣቢያ ስትሄዱ፣ በሩ ላይ የተጻፈውን ስም ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? ጣቢያው የተሰየመው በራፋኤል ኤይታን፣ ሰው ሁሉ «ራፉል» በሚለው ጄኔራል ነው። ሰውየው የሩቅ ሰው አይደለም፤ ያደገው እዚሁ አጠገባችን ቴል አዳሺም ነው። በዮም ኪፑር ጦርነት ጎላን ላይ ክፍለ ጦር መርቷል፤ ከ1978 እስከ 1983 የጻሃል ራማትካል ነበር። የጦርነት መታሰቢያ ሲባል ሐውልት ብቻ ይመስለናል፤ እዚህ ግን መታሰቢያው ስሙ ነው።

አፉላም ራሷ ለጦርነት አዲስ አይደለችም። ከሃይፋ በአፉላ በኩል ወደ ሶርያ የሚሄደውን ባቡር ቱርኮች በ1905 ከፈቱ፤ ኋላም ከዚሁ ወደ ጄኒን ሌላ ሐዲድ ዘረጉ። ስለዚህ አፉላን የያዘ የቱርክን ጦር ስንቅ ያዘ ማለት ነው። መስከረም 20 ቀን 1918 በማለዳ የእንግሊዝ ፈረሰኞች ደርሰው ጣቢያውን ያዙት። «እንግሊዝ» እንበል እንጂ ብዙዎቹ ሕንዶች ነበሩ፤ በሰው አገር ጦርነት በፈረስ የመጡ! ባቡሩ ከ1948 ጦርነት ወዲህ ቆሞ ኖረና በ2016 እንደገና ሥራ ጀመረ።

የባቡር ጣቢያና ጦርነት አንድ ላይ ሲነሳ ግን እኔን ለገሃር ትዝ ይለኛል። አዲስ አበባን ያያችሁ የይሁዳ አንበሳን ሐውልት ታስታውሳላችሁ፤ የኢየሩሳሌም ከተማ አርማ ላይም አንበሳ አለ። ሐውልቱ በ1930 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ የቆመ ነው። ጣልያን ወርሮን ሳለ ነቅሎ ሮማ ወሰደው። የት አቆመው ብትሉ፣ በዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለደመሰሷቸው ወታደሮቹ ባሠራው መታሰቢያ ሥር። በሰኔ 1938 ዘርዓይ ደረስ የተባለ የኤርትራ ተወላጅ ወጣት እዚያው አንበሳው ዘንድ ጎራዴ መዝዞ ከጣልያኖች ጋር ተናነቀ። ታሰረ፤ በ1945 እዚያው ጣልያን አገር ሞተ፣ አገሩን ሳያይ። አንበሳው ግን በ1960ዎቹ ወደ ለገሃር ተመለሰ።

ልጆቻችን ራፉልን በትምህርት ቤት ሰምተውት ይሆናል፤ ዘርዓይን ግን ከእናንተ ካልሰሙ ከማን ይሰማሉ? በሚቀጥለው እሑድ ባቡሩን ስትጠብቁ ልጁ የራፉልን በዕብራይስጥ ያውራችሁ፣ እናንተም የዘርዓይን በአማርኛ ንገሩት። አማርኛው ቢያስቸግረው ቀስ እያላችሁ ንገሩት። ባቡሩ እስኪመጣ ይደርሳል።