ለበዛብህ ያለቀሱ አባት «የማን ልጅ ነው?» ሲሉ…

እኔ ሐያሲ አይደለሁም። የሥነ ጽሑፍ መምህርም አይደለሁም። መጽሐፍ እጄ ከገባ የማነብ፣ ካልገባ የምዋስ፣ ካልጣመኝ መሐል ላይ የምተው ተራ አንባቢ ነኝ። ተራ አንባቢ ደግሞ አንድ መብት አለው፤ «ታላቅ ድርሰት ነው» የተባለውን ሁሉ አሜን ብሎ ከመሳለም ይልቅ «ለኔ ኑሮ ምን ይለኛል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ዛሬ ታዲያ ስለ አምስት መጻሕፍት ላወራችሁ ነው። አንዱ ከአንዱ አይመሳሰሉም፤ ግን እኔ ሳነባቸው ሁሉም ዞረው ዞረው የፍቅርንና የጋብቻን ነገር ነክተውብኛል። በተለይ ያቺን ሽማግሌ በተላከ ቁጥር የምትመጣዋን ጥያቄ፤ «የማን ልጅ ነው?»

«እንደ ሰብለና በዛብህ ያድርገን»… ኧረ አይበለው!

ደብረ ማርቆስ ላይ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ማማት አይሞከርም። ደራሲው ሀዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. እዚሁ ከተማ አጠገብ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱ የአገር ልጅ ናቸው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ያላነበበው ሰው እንኳ ያነበበ ይመስላል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ሳይቀሩ በጆሯቸው «አንብበውታል»።

እኔም አላማም። ግን አንድ ነገር ያስቀኛል። ፍቅረኞች ይህን መጽሐፍ በስጦታ ሲሰጣጡ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «እንደ ሰብለና በዛብህ ያድርገን» ብለው ይጽፋሉ። ኧረ በስመ አብ በሉ! ሰብለና በዛብህ እኮ ጎጆ አልቀለሱም፣ ልጅ አልሳሙም። እሱ ሸሽቶ አዲስ አበባ፣ እሷ መነኩሴ መስላ ፍለጋ፣ ስታገኘው በሞት አፋፍ ላይ… ይኼ ምርቃት ነው?

ብዙዎቻችን መጽሐፉን የምናነበው ለእንባው ነው። እኔ ግን ለሁለተኛ ጊዜ ሳነበው እንባውን ትቼ «ማን አጠፋ?» እያልኩ ነበር የማገላብጠው። የጎዳቸው ፍቅር አይደለም። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የሚመጥን አጥንት ሲያማርጡ የሰብለ ዕድሜ ነጎደ። በዛብህን ደግሞ ዕውቀቱን ወደው «ልጄን አስተምራት» ብለው ቤታቸው አስገቡት። ለማስተማር በቃ፤ ለማግባት ግን የገበሬ ልጅ የሚታሰብም አልነበረም። ይህን ነውር ፊት ለፊት የተናገረው ካሳ ምን አተረፈ? «ጉዱ» የሚል ቅጽል! እውነት የተናገረው እብድ፣ ዝም ያለው ጨዋ።

ነጠላውን ማን ሸመነው?

የማውቀው አንድ ቤተሰብ አለ። ስም አልጠራም፣ ሰፈርም አልናገርም። አባት ጡረታ የወጡ፣ የተከበሩ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። የወጋየሁ ትረካ በተከፈተ ቁጥር፣ በዛብህ ሊሞት አካባቢ ሲደርስ፣ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ይወስዳሉ። ቤተሰቡም «ደግሞ ጀመራቸው!» እያለ ይስቃል።

ልጃቸው ተምራ ሥራ የያዘች ናት። የምትወደው ልጅ መምህር ነው፤ ጠጪ አይደለም፣ ተሳዳቢ አይደለም፣ እናቱን ይጦራል። ሽማግሌ ላከ። አባትም ሽማግሌዎቹን በወጉ ተቀብለው ካስቀመጡ በኋላ ያቺን ጥያቄ ጠየቁ፤ «የማን ልጅ ነው?» ተነገራቸው። የልጁ አያት ሸማኔ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ መልሱ «እናስብበት» ሆኗል። ከመስከረም እስከ ግንቦት የሚታሰብ ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እናትየው «እኔ ምንም አላልኩ፤ ግን ሰው ምን ይላል?» ይላሉ። ልጅቷ ያለችኝ ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፤ «አባባ ለመጽሐፉ በዛብህ ያለቅሳሉ። የኔው በዛብህ በራቸው ላይ ቆሞ አላዩትም።»

እኔን ደግሞ ሌላ ነገር ከነከነኝ። ያ እንባ የሚጠረግበት ነጠላ… ማን ሸምኖት ይሆን?

ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም። ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂው፣ ቀጥቃጩ በእጃቸው ሥራ አገር ሲለብስ፣ ሲያበስልና ሲያርስ ኖሮ፣ ለጋብቻ ሲሆን ግን «ቡዳ» እየተባሉ የተገለሉ ናቸው። ሰባት ቤት መቁጠር ሌላ ነው፤ እሱ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው። አጥንት መቁጠር ግን ሰውን ከሰው ለማሳነስ ነው። ሁለቱን አናምታታ!

ትውልድ ቆጣሪው ራሳቸው የማን ልጅ ነበሩ?

የትውልድ ነገር ከተነሣ አይቀር አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ የጻፉትን የጎጃም ታሪክ ፈልጋችሁ እዩት። እውነቱን ለመናገር ደረቅ ነው። እገሌ እገሌን ወለደ ሲል የሚውልበት ቦታ አለ፤ እኔ እየዘለልኩ ነው ያነበብኩት። የጸሐፊው የራሳቸው ታሪክ ግን ልብ ወለድ ያስንቃል። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ከአባይ ማዶ፣ ከኦሮሞ ወገን የተወለዱ፣ በልጅነታቸው በዘመቻ ተማርከው የመጡ ናቸው። በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት አደጉ፣ የቤተ ክህነት ትምህርት ተማሩ፣ ሠዓሊም ጸሐፊም ሆኑ።

እንግዲህ ልብ በሉ። «አጥንታችን እንዲህ ነው» ብለን የምንመካበትን የጎጃም ትውልድ በብዕራቸው ቆጥረው ያቆዩልን ሰው፣ ራሳቸው «የማን ልጅ ነህ?» ቢባሉ አባይን ተሻግረው የሚመልሱ ነበሩ። ሽማግሌ የሚቀመጥበት ቤት ሁሉ ይህን ታሪክ ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

ራሷን ሆና መውጣት ያቃታት

ሦስተኛው «ጦቢያ» ነው። የዘጌው ሰው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት ይህ ድርሰት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። አማርኛው ጠጠር ይላል፤ ገጹ ግን ጥቂት ስለሆነ አትፍሩት። ጦቢያ ወንድሟ ጠፍቶ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ስትወጣ ወንድ መስላ ነው። 58 ዓመት ቆይቶ ሰብለም መነኩሴ መስላ ነው መንገድ የጀመረችው። ሁለቱም ራሳቸውን ሆነው መውጣት አልቻሉም።

«ያ ድሮ ነው» እንዳትሉኝ። የፍቅረኛዋን ስልክ በሴት ጓደኛዋ ስም መዝግባ፣ ሲደወል «ቲጂ ናት» የምትል ስንት ልጅ አለች? የዛሬው የመነኩሴ ቆብ እሱ ነው!

ወንዶችም አልቀረላችሁ

የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ያነበበ ወንድ ሁሉ ስለ ፊያሜታ ጊላይ ያወራል። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው መታገዱ፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ጠፍቶ መቅረቱ የሚያሳዝን ታሪክ ነው፤ ትረካው ደግሞ አንዴ ከያዘህ አይለቅህም። እኔ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ፤ በመጽሐፉ ላይ ሳይሆን በአንባቢው ላይ። አዲስ አበባ ቀለበት አስራ የቀረችውን ሮማንን ማን ያስታውሳታል? ጋዜጠኛው ጸጋዬ አስመራ ገብቶ በፊያሜታ ሲነድ እኛም አብረን ነደድን፣ ሮማንን ረሳናት። ስለዚህ ወንድሞቼ፣ የሰው ልጅ ቤት ሽማግሌ ከመላካችሁ በፊት ልባችሁ የት እንዳለ አረጋግጡ። አባትን ለማሳመን የምትሟገት ልጅ፣ የምትሟገትለት ሰው ሲከዳት «አላልኩሽም?» የሚላት ብዙ ነው።

የአቸፈሩ አቤ ጉበኛ «አልወለድም»ስ? የ1955 ዓ.ም. መጽሐፍ ነው፤ ያኔም መንግሥት አግዶታል። በማሕፀን ያለ ልጅ «እንዲህ ባለ ዓለም አልወለድም» ብሎ ሲሟገት ነው። ስብከቱ በዝቶብኛል፤ ሐሳቡ ግን አይለቅም። እናንት ነገ ወላጅ የምትሆኑ፣ ልጆቻችሁ «የማን ልጅ ነው? በሚባልበት ቤት አንወለድም» ቢሏችሁ ምን ትመልሳላችሁ?

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ የመጀመሪያው ቃል የሽማግሌ አይሁን። አባት የልጁን ፍቅር ከውጭ ሰው አፍ ሲሰማ ይደነግጣል፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ ወደ አጥንቱ ይሸሻል። ቀድማችሁ ለአክስት፣ ለክርስትና እናት ወይም ለንስሐ አባት ንገሩ። እነሱ መሬቱን ያለስልሱላችኋል።

ሁለተኛ፣ «እንጥፋ» የምትለዋን ቃል ቶሎ አታውጧት። በዛብህም ጠፍቶ ነበር፤ የሆነውን አይተናል። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 መሠረት ጋብቻ የሚፈጸመው በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ነው። ፈቃዱ የእናንተ ነው ማለት ነው። ግን ምርቃት በሕግ አይገኝምና ትዕግሥት አድርጉ። ትዕግሥቱም ልክ ይኑረው፤ «እስከ ፋሲካ እንጠብቅ» ተባብላችሁ ቀን ቁረጡ። ሰብለን ያስረጀው ቀን ያልተቆረጠለት ጥበቃ ነው።

ሦስተኛ፣ ለዚያች ልጅ የነገርኳትን ለናንተም ልንገራችሁ። ትረካውን ክፈቺላቸው፤ ስለ ሰብለ ጋብቻ የሚነገርበት ቦታ ሲደርስ ዝጊና በትሕትና ጠይቂ፤ «አባባ፣ እርስዎ ጎረቤታቸው ቢሆኑ ለፊታውራሪ ምን ይሏቸው ነበር?» ከዚያ ዝም በይ። አታከራክሪ፣ አታልቅሽ። የሰው ጠብ ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ለፊታውራሪ የሚሰጡትን ምክር ራሳቸው ይሰሙታል።

ቸር ያሰማን!