ከምደባ በኋላ የሚመጣ ፍቅር

የምደባ ውጤት በተለጠፈ ቁጥር ፊቱ የሚጠቁር ተማሪ በፋኩልቲያችን አይጠፋም። ምህንድስና ወይም ሕክምና ሲያልም ባዮሎጂ ይደርሰዋል። «ዕድሜ ልኬን የማልወደውን ልሠራ ነውን?» የሚለውን ጥያቄውን በቀላሉ ማለፍ አይገባንም።

የፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታን ታሪክ እናንሳ። በልጅነታቸው ያሰቡት ምህንድስና ነበር፤ በግብርና የበለጠ ሊሠሩ እንደሚችሉ ያሳመኗቸው እናታቸው ናቸው። ጅማ፣ ከዚያም ዓለማያ ተምረው በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን አገኙ። ለብዙ ዓመታት ከተመራመሩባቸው ጉዳዮች አንዱ አቀንጭራ የተባለው የማሽላ ጠላት ነው።

የአቀንጭራ ዘር እጅግ ደቂቅ ሲሆን በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይተኛል። የሚነቃው የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ነው፤ ከዚያም ሥሩ ላይ ተጣብቆ ውኃና ምግቡን ይመጥጣል። ማሽላው ጠላቱን ራሱ ይጠራል ማለት ነው! ገቢሳና ባልደረቦቻቸው ይህን ኬሚካል በጥቂቱ ብቻ የሚያመነጩ ዝርያዎችን አዳቀሉ፤ ጥሪው ያልደረሰው ዘር ተኝቶ ይቀራል። ይህ ሥራ፣ ቀደም ሲል በሱዳን ካስገኙት ድርቅ ቻይ ድቅል ማሽላ ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አሰጣቸው።

እንዲህ ያለ እንቆቅልሽ በትምህርት ክፍል ስም ላይ አይነበብም። ስለዚህ አዲስ ተመዳቢዎች ዝውውር ከመጠየቃቸው በፊት (መጠየቁ ነውር ባይሆንም) አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤተ ሙከራ ጎራ ብለው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን እንዲጠይቁ እንመክራለን፦ ዛሬ ምን እየሠራችሁ ነው? ያልገባችሁስ ምንድን ነው?