ከፎርማት በፊት ቁጥሩ ይነበብ

አፑ መውረድ ጀምሮ ግማሽ ላይ ሲደርስ መስመሩ ድርቅ ይላል። ጥቂት ቆይቶ «ስህተት ተፈጥሯል» የሚል አጭር ጽሑፍ ብቅ ይላል። ከሥሩም ፊደልና አሃዝ የተቀላቀለበት፣ በዜሮ የሚጀምር ረጅም ኮድ ይታያል። ብዙ ሰው ኮዱን ልብ ሳይለው መስኮቱን ዘግቶ እንደገና ይሞክራል። ሁለቴ ሦስቴ ሞክሮ ሲያቅተው ላፕቶፑን ተሸክሞ ወደ ጥገና ቤት ያመራል። እዚያም ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ!»

ፎርማት በር ስላንቋረረ ቤቱን አፍርሶ እንደ አዲስ እንደ መሥራት ነው። ቅጂ ያልተያዘለት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የልጆች ፎቶና የሥራ ሰነድ አብሮ ይሄዳል። የሚያስቆጨው ደግሞ ብዙ ጊዜ አስፈላጊ አለመሆኑ ነው። አፕ አልወርድ የሚልባቸው የተለመዱ ምክንያቶች ጥቂት ናቸው፤ ዲስኩ ሞልቷል፣ ሰዓቱ ተዛብቷል፣ ኢንተርኔቱ ተቋርጧል፣ ወይም አንድ አገልግሎት ተዘግቷል። ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ የሚናገረው ያ ማንም ልብ የማይለው ኮድ ነው።

ለቤት ኮምፒውተር የተዘጋጁ የአፕ መደብሮች ዕድሜያቸው ረጅም አይደለም። አፕል የማክ መደብሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ነው። ማይክሮሶፍት ደግሞ በጥቅምት 2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር የራሱን መደብር ይዞ መጣ፤ ዛሬ «ማይክሮሶፍት ስቶር» የሚባለው እሱ ነው። ከዚያ በፊት አንድን ፕሮግራም ለመጫን ከጓደኛ ፍላሽ መዋስ፣ ሲዲ መግዛት ወይም ካገኙት ድረ ገጽ ማውረድ የግድ ነበር። መደብሩ የሚያወርደው ፋይል ዲጂታል ፊርማ አለበት፤ ኮምፒውተሩም ፊርማውን ሳያረጋግጥ አይጭነውም። ከፍላሽ ጋር አብሮ ከሚመጣ ቫይረስ የሚጠብቀው ይህ ማጣሪያ ነው። ስለዚህ ስቶሩ እምቢ ባለ ቁጥር ወደ ድሮው መንገድ ከመመለስ ለምን እምቢ እንዳለ መጠየቅ ይሻላል።

ኮዱን ማንበብ የሚመስለውን ያህል ከባድ አይደለም። በዊንዶውስ ላይ 0ኤክስ8007 ብሎ የሚጀምር ኮድ ሲመጣ፣ 8 ቁጥር «ሥራው አልተሳካም» ማለት ነው። 7 ቁጥር ደግሞ ስህተቱ ከራሱ ከዊንዶውስ የስህተት ዝርዝር የተወሰደ መሆኑን ያሳያል። ዋናው መልእክት ያለው በመጨረሻዎቹ አራት ቦታዎች ነው። እነዚህ የተጻፉት በአሥር ሳይሆን በአሥራ ስድስት በሚቆጥር ስልት ስለሆነ ከ9 በኋላ ፊደል ይገባባቸዋል። ለምሳሌ መጨረሻው 0070 ከሆነ፣ 7 በ16 ሲባዛ 112 ይሆናል። በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ 112 ቁጥር ስህተት «ዲስኩ ላይ በቂ ቦታ የለም» የሚል ነው። መጨረሻው 0005 ከሆነ ደግሞ «ፈቃድ ተከልክሏል» ማለት ነው።

ከቦታ እንጀምር። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 64 ጊጋባይት ማከማቻ ይፈልጋል፤ በዋጋ ረከስ ካሉት ላፕቶፖች መካከል ግን 32 ጊጋባይት ብቻ ይዘው የተሠሩ አሉ። ሰፊ ዲስክ ያለው ኮምፒውተርም ቢሆን ሲ ድራይቭ ሞልቶ ዲ ድራይቭ ባዶውን የሚቀመጥበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስቶር ደግሞ ካልተነገረው በስተቀር ሁሉንም ነገር ሲ ላይ ይጭናል። መፍትሔው ቀላል ነው። «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሲስተም»፣ ከዚያ «ስቶሬጅ» ሲከፈት ቦታውን የያዘው ምን እንደሆነ ተዘርዝሮ ይታያል። ጊዜያዊ ፋይሎችን ማጥፋት፣ የቆሻሻ ቅርጫቱን ባዶ ማድረግና «ዳውንሎድስ» የሚለውን ፎልደር መፈተሽ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በቴሌግራም የወረዱ ፊልሞችና ቪዲዮዎች እዚያው ፎልደር ውስጥ ተከማችተው ይገኛሉ። እዚያው «ስቶሬጅ» ውስጥ አዳዲስ አፖች ዲ ድራይቭ ላይ እንዲጫኑ ማዘዝም ይቻላል።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ግን ሰዓቱን ነው።

ኮምፒውተሩ ከስቶሩ ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በእርግጥ አንተ ማይክሮሶፍት ነህ?» ብሎ ነው። ስቶሩ መታወቂያውን ያሳያል፤ መታወቂያው ዲጂታል ሰርተፍኬት ይባላል። እንደማንኛውም መታወቂያ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። የኮምፒውተሩ ቀን ከሁለቱ መካከል ካልዋለ ኮምፒውተሩ ሰርተፍኬቱን አያምንም፤ ግንኙነቱንም ያቋርጣል። በዚህ ጊዜ ከሚመጡት ኮዶች አንዱ 0ኤክስ80072ኤፍ8ኤፍ ነው።

ይህ ችግር ለኢትዮጵያውያን ልዩ መልክ አለው። የሀገራችን ዘመን አቆጣጠር ከአውሮፓው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያንሳል። አባት ወይም እናት የቤቱን ኮምፒውተር ቀን «ለማስተካከል» ብለው በኛ አቆጣጠር ከሞሉት ኮምፒውተሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2025 መሆን የነበረበት ሐምሌ 2017 ይሆናል። ለኮምፒውተሩ የስቶሩ ሰርተፍኬት ገና ወደፊት የሚሰጥ መታወቂያ ነውና አይቀበለውም። ስቶር ብቻ ሳይሆን ብዙ ድረ ገጾችም አብረው እምቢ ይላሉ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን 9 የሚለውን ወደ 3 የሚቀይር ሰውም አለ። ሰዓቱ ከኢንተርኔት ጋር ራሱን ባስተካከለ ቁጥር ለውጡ ስለሚጠፋ «ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል» ብሎ ይደመድማል። የሰዓት ቀጠናው ሲመረጥም ግራ መጋባት አለ፤ በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ የሚል ስም አይገኝም። ለኢትዮጵያ የሚሆነው በሦስት ሰዓት ጭማሪ «ናይሮቢ» ተብሎ የተጻፈው ነው።

ማንም ሳይነካውም ሰዓት ይዛባል። በዋናው ሰሌዳ፣ ማለትም በማዘርቦርዱ ላይ፣ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሰዓቱን የምታቆይ ትንሽ ክብ ባትሪ አለች። በብዙ ዴስክቶፖች ውስጥ ያለችው ሲአር2032 ትባላለች፤ ቁጥሩ 20 ሚሊ ሜትር ስፋቷንና 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረቷን ይናገራል። ባትሪዋ ስትሞት መብራት በሄደ ወይም ሶኬት በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህን ፎርማት አያድነውም፤ ባትሪዋን መቀየር ብቻ ነው የሚያድነው። ዓመቱን አስቀድሞ በእጅ አስተካክሎ፣ ከዚያ «ሲንክ ናው» የሚለውን መጫን ሰዓቱን ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ የተጠቃሚው አይሆንም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 አፕል በማክ መደብሩ ይጠቀምበት የነበረ ሰርተፍኬት ጊዜው አለፈበት። በዚያው ሰሞን የብዙ ተጠቃሚዎች አፖች «ተበላሽተዋል» የሚል መልእክት እያሳዩ አልከፈትም አሉ። ከስድስት ዓመት በኋላ ተራው የማይክሮሶፍት ሆነ። አንድ ሰርተፍኬት ጥቅምት 31 ቀን 2021 በማብቃቱ የስክሪን ምስል መቁረጫውን ጨምሮ አንዳንድ የዊንዶውስ 11 መሣሪያዎች ሥራ አቆሙ፤ ኩባንያውም ማስተካከያ ለቀቀ። ያን ጊዜ በችኮላ ፎርማት ያደረገ ሰው ፋይሉን በከንቱ ሠውቷል። በአንድ ቤት ያሉ ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ቀን ተመሳሳይ ስህተት ካሳዩ ጥቂት መታገሥና የኩባንያውን ማስታወቂያ ማየት ይበጃል።

ከ80072 በኋላ ኢኢ ወይም ኢኤፍ የሚሉ ፊደላት ከተከተሉ ነገሩ የኢንተርኔት ነው። መጨረሻው ኢኢ7 ከሆነ የስቶሩ አድራሻ አልተገኘም፤ ኢኢ2 ከሆነ መልስ ሳይመጣ ጊዜው አልቋል፤ ኢኤፍዲ ከሆነ መገናኘት አልተቻለም። ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት፣ ወይም ለሙከራ ከስልክ ሆትስፖት ጋር ማገናኘት ችግሩ ከመስመሩ ይሁን ከኮምፒውተሩ ይለያል። ቪፒኤን የከፈተ ሰው መዝጋት አለበት፤ ስቶሩን ከሚያደናቅፉት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። በሌላ በኩል መብራት ሄዶ ወይም ፓኬጅ አልቆ የተቋረጠ አፕ ሁልጊዜ ከዜሮ አይጀምርም፤ በስቶሩ «ላይብረሪ» ውስጥ ካቆመበት የሚቀጥልበት ጊዜ አለ።

0ኤክስ80070422 ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ትርጉሙ «የሚያስፈልገው አገልግሎት ተዘግቷል» ነው። የኢንተርኔት ፓኬጅ እንዳይበላ በማለት «ዊንዶውስ አፕዴት» የሚባለውን አገልግሎት ከነጭራሹ መዝጋት በሀገራችን የተለመደ ነው፤ አንዳንድ ባለሙያም ኮምፒውተሩን ሲያስረክብ ዘግቶ ይሰጣል። ችግሩ ስቶርም ለማውረድና ለመጫን በዚሁ አገልግሎት መጠቀሙ ነው። አንዱ ሲታነቅ ሌላውም ይታነቃል። የደኅንነት ማሻሻያም አብሮ ይቀራል፤ ይህ ደግሞ ከአፑ አለመውረድ የከፋ ነው። ፓኬጅ ለመቆጠብ ትክክለኛው መንገድ ሌላ ነው። በዋይፋዩ ዝርዝር ውስጥ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ማብራት ዊንዶውስ ሳይጠየቅ ብዙ ዳታ እንዳይወስድ ይገድበዋል፤ አገልግሎቱ ግን በሕይወት ይቆያል።

ቦታው፣ ሰዓቱ፣ መስመሩና አገልግሎቱ ደህና ሆነው ስቶር አሁንም ካስቸገረ፣ ያከማቸው ጊዜያዊ መረጃ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከአር ጋር አንድ ላይ ተጭኖ፣ ደብልዩ፣ ኤስ፣ አር፣ ኢ፣ ኤስ፣ ኢ፣ ቲ የሚሉትን ፊደላት ሳያራርቁ መጻፍና «ኢንተር» ማለት ያጸዳዋል። ምንም ጽሑፍ የሌለበት ጥቁር መስኮት ይከፈታል፤ መደንገጥ አያስፈልግም። ጥቂት ቆይቶ ራሱ ይዘጋና ስቶር ይከፈታል። ይህ ካልረዳ በ«ሴቲንግስ» ውስጥ ከአፖቹ ዝርዝር ማይክሮሶፍት ስቶርን መርጦ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» መክፈት ነው። እዚያ «ሪፔር» እና «ሪሴት» የሚሉ ሁለት ቁልፎች አሉ። የመጀመሪያው የአፑን መረጃ ሳይነካ ይጠግናል፤ ሁለተኛው የስቶሩን መረጃ አጥፍቶ እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። ሁለቱም የግል ፋይሎችን አይነኩም።

በዚህ ሁሉ መካከል መራቅ የሚገባ ነገርም አለ። ኮዱን በኢንተርኔት ሲፈልጉት «ይህን አውርድና ስህተቱ ይጠፋል» የሚሉ ፕሮግራሞች ይመጣሉ፤ ከላይ ለተዘረዘሩት መፍትሔዎች ግን አንድም ተጨማሪ ፕሮግራም አያስፈልግም። «ከማይክሮሶፍት ነው የምንደውለው» ብሎ ኮምፒውተሩን ከሩቅ ልያዝ የሚልም አጭበርባሪ ነው፤ ኩባንያው ሳይጠየቅ ደውሎ ኮምፒውተር አይጠግንም።

ፎርማት የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም ማለት አይደለም። ቫይረስ ሥር የሰደደበት ወይም የዊንዶውሱ ዋና ፋይሎች የተበላሹበት ኮምፒውተር ሌላ መድኃኒት ላይኖረው ይችላል። ያኔም ቢሆን አስቀድሞ የፋይሎቹ ቅጂ በሌላ ዲስክ መያዝ አለበት። አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስቶሩ እምቢ ሲልዎ መስኮቱን ከመዝጋትዎ በፊት ኮዱን በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ቦታውን፣ ቀኑንና መስመሩን ይፈትሹ። ጥገና ቤት መሄድ ግድ ከሆነም ፎቶውን ለባለሙያው ያሳዩና ኮዱ ምን እንደሚል እንዲያስረዳዎ ይጠይቁት፤ ፎርማት ለማድረግ የሚስማሙት መልሱን ከሰሙ በኋላ ይሁን።