የቡና ጠረጴዛና የአንኮበር ጥድ

ዕቃ ሁሉ የሚመሰገነው የተሠራበትን ጉዳይ ሲፈጽም ነው። ወንበር ለመቀመጫ፣ አትሮንስ ለመጽሐፍ፣ መሶብ ለእንጀራ እንደ ተሠራ ሁሉ፣ ዛሬ በየቤቱ በእንግዳ መቀበያ ክፍል መካከል የሚቀመጠው ዝቅተኛ የዕንጨት ጠረጴዛ የቡና ሲኒንና ጋዜጣን ለመሸከም የተሠራ ነው። በቅርብ ጊዜ የተወደደው ዐይነት ደግሞ ቅርጻ ቅርጽና የወርቅ ቅብ የሌለበት፣ አራት ቀጥ ያሉ እግሮችና አንድ የለሰለሰ ገበታ ብቻ ያሉት ነው። አንዳንድ ሰዎች ይህን አይተው ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ልማድ ነው ይላሉ። ነገሩን ከሥሩ ለመረመረው ግን ቀላልነት ለኢትዮጵያ ቤት እንግዳ አይደለም። ሲኒ የሚደረደርበት ረከቦት ከመሬት ጥቂት ከፍ ያለ የዕንጨት ገበታ ነው፤ የካህናቱም አትሮንስ መጽሐፉን ከመሸከም በቀር ትርፍ ነገር የለበትም።

ቡና ራሱ በሸዋ ክርስቲያን ቤት ዘግይቶ የገባ መሆኑን የአንኮበር ታሪክ ያስረዳል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን በገዙበት ዘመን፣ ከአንኮበር ቁልቁል በሚገኘው በአልዩ አምባ ገበያ ነጋዴዎች ከቈላ አገር ጨው፣ ከሐረርም ቡና እያመጡ ያራግፉ ነበር። በተራራው ላይ ያለው ክርስቲያን ግን ቡናን የሌላ ሃይማኖት ልማድ አድርጎ ስለ ቈጠረው ይጠየፈው ነበር። ይህ አሳብ እየተለወጠ የሄደው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ቡና ይጠጡ ስለ ነበረ፣ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ ለማስወገድ ብዙ ስለ ደከሙ፣ ቡና በቤተ ክርስቲያን ልጆች ዘንድ መጠጥ ለመሆን በቃ። ዛሬ ጎረቤት የሚወያየው፣ የተጣላም የሚታረቀው በቡና ዙሪያ ነው። እንግዲህ ሲኒውን የሚሸከመው ገበታ የቤቱ መካከለኛ ስፍራ ቢሰጠው የሚያስደንቅ አይሆንም።

ጌጥ የሌለውን ጠረጴዛ መሥራት ቀላል ይመስላል፤ የባለ እጅ ሙያ የሚፈተነው ግን በእርሱ ነው። ቅርጻ ቅርጽ የመጋጠሚያን ጉድለት ይሸፍናል፤ ባዶ ገበታ ግን የመላጊያውንና የመሮውን ስሕተት ሁሉ ይገልጣል። ስለዚህ ሳንቃው አስቀድሞ በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ተደራርቦ በትዕግሥት መድረቅ አለበት። እንደ አንኮበር ባለ ጉም በሚበዛበት ደጋ በሚገባ ሳይደርቅ የተሠራ ገበታ፣ ወደ ሞቃት አገር በወረደ ጊዜ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። የእግሩም ራስ በምስማር ብቻ ከሚያያዝ፣ በመሮ በተፈለፈለ ቀዳዳ ጠብቆ ቢገባ ይጸናል። ቁመቱ ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር፣ ይኸውም አንድ ክንድ ያህል ቢሆን፣ በአጠገቡ ካለው መቀመጫ ጋር ይስማማል። ማለስለሻውም ዘይትና የንብ ሰም ቢሆን የዕንጨቱ መልክ ይታያል።

በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 25 ስለ ኅብስተ ገጽ ገበታ የተሰጠውን ትእዛዝ ሊቃውንት ያውቁታል፤ ርዝመቱ 2 ክንድ፣ ወርዱ 1 ክንድ፣ ቁመቱ 1 ክንድ ተኩል ነው። እርሱ በጥሩ ወርቅ እንዲለበጥ የታዘዘው ለእግዚአብሔር ቤት ስለ ሆነ ነው። ጌጥ ለመቅደስ ሲገባ፣ ለሰው ቤት ልክ ያለውና ንጹሕ የሆነ ዕንጨት ይበቃል።

ከጠረጴዛው ይልቅ የሚያሳስበው ግን ዕንጨቱ ነው። በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል ያለው የወፍ ዋሻ ደን፣ ከጥንት ጀምሮ የተጠበቀ የጥድና የዝግባ ደን ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የመናገሻን ተራራ በጥድ ባለበሱ ጊዜ ዘሩ የተወሰደው ከዚሁ ከወፍ ዋሻ እንደ ሆነ ይነገራል። ያ ንጉሥ ደንን በደን ሲተካ፣ የኋላው ትውልድ እየቈረጠ ሳይተካ ቢቀር ታላቅ ኀፍረት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቍረጥን መከልከሉም ስለዚህ ነው። ጥድ ለጠረጴዛ የሚበቃ ሳንቃ እስኪሰጥ ብዙ አሥር ዓመታት ይፈጃል፤ ገበታውን ለማሳመር ሲባል አባቶች የጠበቁትን ዛፍ መጣል የማይገባ ነው። ለዚህ ሥራ በእጅ የተተከለው የፈረንጅ ጥድ፣ አደራረቁን ለሚያውቅም ባሕር ዛፍ፣ በወይና ደጋም ገበሬው በማሳው ያሳደገው ዋንዛ ይበቃል።

የሠራተኛው ክብር ደግሞ ከዚህ አይለይም። ስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. ከሁለት ባለ እጆች ጋር አንኮበር በደረሰ ጊዜ፣ ምኒልክ በደስታ የተቀበሉት የእጅ ጥበብን ስለ ፈለጉ ነው። በ1900 ዓ.ም. ባወጡትም አዋጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን ከለከሉ። ጌታን ያሳደገው አረጋዊው ዮሴፍም ጸራቢ መሆኑን ካህናት ዘወትር ያስተምራሉ። ይህ ሁሉ እየታወቀ፣ አናጢ ዛሬም በየመንደሩ እንደ ታናሽ ሲታይ፣ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ የዕንጨት ፍርፋሪ በሙጫ ተጨፍልቆ የተሠራውን የውጭ አገር ጠረጴዛ በብዙ ገንዘብ ሲገዙ ይታያል። እርሱም ቡና በተደፋበትና ውሃ በገባበት ጊዜ አብጦ ይፈርሳል።

እንግዲህ ሹማምንት ለእንግዳ መቀበያቸው የሚሆነውን ጠረጴዛ ከአገር አናጢዎች ቢያሠሩ፣ ዕንጨቱም ከተተከለ ዛፍ መምጣቱን አስቀድመው ቢጠይቁ፣ የብዙ ወጣቶች እጅ ሥራ ያገኛል። ካህናትም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር የጠበቁትን የጥድና የወይራ ዘር ለምእመናን እያደሉ ተከላን ቢያስተምሩ፣ የወፍ ዋሻ ተራራ ከልምላሜው ሳይራቈት ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ቡና የሚቀርብበት ገበታ ንጹሕ የሚሆነው ደን ሳይጎዳ፣ ሠራተኛም ሳይናቅ የተሠራ ሲሆን ነው።