በዲጂታል ሬንጅ ፋይንደር ካሜራ የሚከሰት የምስል ብዥታ፦ ከአሰላ እስከ ኦጎልቾ ባለው የመስክ ሁኔታ ምንጩን የመለያ ዘዴ

መግቢያ

ኦጎልቾ በአርሲ ዞን የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ዋና ከተማ ነው፤ የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2012 የለቀቀው የዳቦ ስንዴ ዝርያም በዚሁ ስም ይጠራል። ከአሰላ ደጋ ወደ ስምጥ ሸለቆው ወለል በሚወርደው በዚህ አካባቢ በግብርና፣ በማኅበረሰብ ጥናት ወይም በባህል ሰነዳ የሚሰማራ ተመራማሪ ካሜራ ይዞ መውጣቱ የተለመደ ነው። ማሳው፣ አጨዳውና የአውድማው ሥራ ከወቅቱ ጋር ያልፋሉ። የምስሉ ብዥታ የሚታወቀው ማታ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ፣ የጠፋውን ማስረጃ ለመተካት የሚቀጥለውን መኸር መጠበቅ ግድ ይላል። በፕሮግራም ጠርዝን ማጉላት መልኩን ያሳምር እንደሆነ እንጂ ያልተቀዳን ዝርዝር አይመልስም።

ሬንጅ ፋይንደር ካሜራ ትንሽና ድምፁ ዝቅተኛ በመሆኑ ሰዎችን በሥራቸው ላይ ሳያውኩ ለማንሳት ይመረጣል። ሆኖም ምስሉ ሲደበዝዝ ተጠቃሚው ብዙ ጊዜ «ሌንሱ ደካማ ነው» ብሎ ይደመድማል። ድምዳሜው ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ተመሳሳይ ብዥታ ከካሜራው፣ ከአነሣሡ ወይም ከአየሩ ሊመጣ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ምንጮች አንድ በአንድ የመለያ ሥርዓት ማስረዳት ነው።

የአሠራሩ መርሕ

በሬንጅ ፋይንደር ካሜራ ተጠቃሚው በሌንሱ ውስጥ አይመለከትም። በመመልከቻው መካከል የሚታየው ትንሽ ብሩህ አራት ማዕዘን ከሌላ መስኮት የመጣ ሁለተኛ ምስል ነው። የሌንሱ ቀለበት ሲዞር ከሌንሱ ጀርባ ያለው ጠርዝ በካሜራው ውስጥ ያለችን ትንሽ ተሽከርካሪ ይገፋል፤ እርሷም ሁለተኛውን ምስል ወደ ጎን ታንቀሳቅሳለች። ሁለቱ ምስሎች ሲገጣጠሙ ፎከሱ ተስተካክሏል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ መመልከቻው የሚያሳየው የርቀት ልኬትን እንጂ በሴንሰሩ ላይ ያረፈውን ምስል አይደለም። ሌንሱ ቢደበዝዝም መመልከቻው ጥርት ብሎ ይታያል።

ይህ ሥርዓት በትክክል እንዲሠራ ሦስት ልኬቶች መስማማት አለባቸው። የመጀመሪያው የሌንሱ መስታወቶች እንቅስቃሴ ከጀርባው ጠርዝ እንቅስቃሴ ጋር መጣጣሙ ነው። ሁለተኛው የካሜራው ክንድ ያንን እንቅስቃሴ በትክክል መተርጎሙ ነው። ሦስተኛው ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት መጠበቁ ሲሆን፣ በላይካ ኤም መግጠሚያ ይህ ርቀት 27.80 ሚሊ ሜትር ነው። የአሮጌ ባለጥርስ ሌንሶች ማገናኛ ቀለበት ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር መሆን ስላለበት፣ በጥንቃቄ ያልተሠራ ቀለበት ብቻውን ሙሉውን ልኬት ሊያዛባ ይችላል።

የልኬቱ ትክክለኛነት በሁለቱ መስኮቶች መካከል ባለው ርቀትና በመመልከቻው ማጉያ መጠን ብዜት ይወሰናል። በላይካ ኤም9 69.25 ሚሊ ሜትር በ0.68 ሲባዛ 47 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የመጀመሪያው ዲጂታል ሬንጅ ፋይንደር፣ ኤፕሰን አር-ዲ1፣ መመልከቻው ምስሉን በእውነተኛ መጠኑ ቢያሳይም የመስኮቶቹ ርቀት አጭር በመሆኑ ብዜቱ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ባነሰ መጠን ረጅም ሌንሶችንና ሰፊ ቀዳዳ ያላቸውን ሌንሶች በትክክል ፎከስ ማድረግ ይከብዳል።

ዲጂታል ሴንሰር ስሕተቱን ለምን ያጎላዋል?

በሌንሶች ላይ የተቀረጸው የጥራት ወሰን መለኪያ በአብዛኛው እስከ 0.03 ሚሊ ሜትር የሚደርስን የብዥታ ክብ እንደ ጥርት ነጥብ ይቆጥራል። ይህ ለፊልምና ለመካከለኛ መጠን ኅትመት በቂ ነበር። የፒክስሉ ስፋት 6 ማይክሮ ሜትር በሆነ ሴንሰር ላይ ግን ያው ክብ አምስት ፒክስል ይሸፍናል። ለምሳሌ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 2 ቀዳዳ በ1 ሜትር ርቀት ሲያነሳ በመለኪያው መሠረት ጥርት የሚለው ውፍረት 4.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የብዥታው ክብ ከሁለት ፒክስል እንዳይበልጥ ከተፈለገ ግን ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ይወርዳል። በፊልም ዘመን ያልታወቀ የሌንስ ጉድለት በዲጂታል የሚገለጠው ሌንሱ ስለተበላሸ ሳይሆን መመዘኛው ስለጠበበ ነው።

የመፈተሻ ቅደም ተከተል

ምርመራው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ቢሄድ ይመረጣል። በመጀመሪያ የሰው ስሕተት ይወገድ። የሌንሱ የፊትና የኋላ መስታወት እንዲሁም የመመልከቻው መስኮቶች ይጽዱ፤ የአርሲ የመንገድ አቧራና የጣት አሻራ ብርሃንን በትነው ምስሉን ያፈዙታል። የላይካ ኤም መመልከቻ በመደበኛው የአሉታዊ 0.5 ዳይኦፕተር ማስተካከያ ስላለው፣ መነጽር የሚያደርግ ሰው መነጽሩን ሳያደርግ ወይም የማረሚያ መስታወት ሳይገጥም ቢፈትሽ ውጤቱ አያስተማምንም። የእጅ መንቀጥቀጥንም ለመለየት ካሜራው በባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ይቀመጥ፣ ማንሻውም በሰዓት ቆጣሪ ይነካ። በማቆሚያ ላይ ብዥታው ከጠፋ ምርመራው እዚህ ያበቃል።

ቀጥሎ አንድ ማስመሪያ ከካሜራው አንጻር በ45 ዲግሪ ተጋድሞ፣ በመካከሉ ቀጥ ያለ መስመር ያለው ካርድ ይቁም። ሌንሱ በሰፊው ቀዳዳው፣ ርቀቱም 1 ሜትር ሆኖ፣ በካርዱ መስመር ላይ ፎከስ ይደረግ። ከእያንዳንዱ ፎቶ በፊት ቀለበቱ ወደ ወሰን አልባ ርቀት ይመለስና እንደገና ፎከስ ይደረግ፤ ቢያንስ አሥር ጊዜ ይደገም። ጥርት ያለው ቦታ አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ ከወደቀ ጉዳዩ የተጠቃሚው ድግግሞሽ ጉድለት ነው። ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ከወደቀ ግን የልኬት መዛባት አለ።

ሦስተኛው እርምጃ ያንኑ ፈተና በሌላ ሌንስ መድገም ነው። ሁሉም ሌንሶች በአንድ አቅጣጫ ከተሳሳቱ ጥርጣሬው በካሜራው ላይ፣ አንዱ ብቻ ከተሳሳተ በዚያው ሌንስ ወይም በማገናኛው ላይ ይወድቃል። እንደ ላይካ ኤም 240ና ከእርሱ በኋላ እንደወጡት አብዛኞቹ ኤም ካሜራዎች ሴንሰሩ የሚያየውን በጀርባ ስክሪን በቀጥታ የሚያሳይ ካሜራ ካለ ፍርዱ ይቀልላል። በስክሪኑ ፎከስ የተደረገው ጥርት፣ በመመልከቻው የተደረገው ብዥ ካለ መስታወቱ ጤነኛ ነው፤ የተዛባው ልኬቱ ነው። ሁለቱም ብዥ ካሉ ሌንሱ ራሱ ይመርመር፦ በባትሪ መብራት ሲታይ በውስጡ ጉም መሰል ሽፋን ወይም የሻጋታ ክር ይታይ እንደሆነ ይጣራ። የምስሉ አንድ ጎን ብቻ ከደበዘዘ ካሜራው ተገልብጦ ያው ግድግዳ እንደገና ይነሳ። ብዥታው በምስሉ በዚያው ጎን ከቀረ መስታወቱ ከመሃሉ ሳይዛነፍ አልቀረም፤ ጎን ከለወጠ ግን ካሜራው ለግድግዳው ትይዩ አልነበረም።

በመጨረሻ የሩቁ ልኬት ይታይ። የጭላሎ ተራራ በቂ ርቀት ቢኖረውም ጫፉ ቀጥ ያለ መስመር ስለሌለው፣ በሩቅ የቆመ የቴሌኮም ማማ የተሻለ ዒላማ ነው። ቀለበቱ ወሰን አልባ ርቀት ላይ ሲቆም ሁለቱ ምስሎች ወደ ጎን ካልተገጣጠሙ የርቀት ልኬቱ ተዛብቷል። አንዱ ከሌላው ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ግን ርቀቱ አይዛባም፤ መገጣጠሙን መፍረድ ብቻ ያስቸግራል። በጠጠር መንገድ የተንገጫገጨ ካሜራ ሁለቱንም ሊያሳይ ስለሚችል ከጉዞ በፊትና በኋላ መፈተሽ ይገባል።

ብልሽት የሚመስሉ ክስተቶች

አንዳንድ ሌንሶች ቀዳዳቸው ሲጠብ ጥርት የሚለው ቦታ ወደ ኋላ ይሸሻል። ለዚህ የሚጠቀሰው ዛይስ ሲ ሶናር 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.5 ነው። ስለዚህ ፈተናው በሰፊው ቀዳዳ ብቻ ሳይሆን በኤፍ 2.8ና በኤፍ 4ም ይደገም። ቀዳዳውን ከልክ በላይ ማጥበብም መፍትሔ አይሆንም፤ በኤፍ 16 በብርሃን መታጠፍ የሚፈጠረው ክብ 0.02 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚሆን ምስሉን በሙሉ ያለሰልሳል።

በመካከል ፎከስ አድርጎ ካሜራውን ማዞርም ስሕተት ያመጣል። በ1 ሜትር ርቀት ካሜራው በ20 ዲግሪ ቢዞር የፎከሱ ወለል ከሰውየው 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይወድቃል፤ ይህም ከላይ ከተጠቀሰው የ4.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ውጭ ነው።

የስንዴ ማሳ ራሱ የተለየ ወጥመድ አለው። ቀጥ ብለው የተደረደሩ ተመሳሳይ አገዳዎች በመመልከቻው ሲታዩ የአንዱ አገዳ ሁለተኛ ምስል በጎረቤቱ ላይ ሊያርፍና ፎከሱ የተስተካከለ ሊመስል ይችላል። መፍትሔው ተደጋጋሚ ባልሆነ ነገር፣ ለምሳሌ በመደብ ምልክት ችካል ጠርዝ፣ ላይ ፎከስ ማድረግ ነው። አብዛኞቹ የኤም ሌንሶች ከ0.7 ሜትር በታች ፎከስ ስለማያደርጉ የዋግ ምልክትን በቅጠል ላይ በቅርበት ለመመዝገብ ይህ ካሜራ ተስማሚ አይደለም። ላይካ ኤም8 ደግሞ ከቀይ በታች ጨረርን በበቂ ስለማያግድ፣ ይህንን ጨረር አጥብቆ የሚያንጸባርቅ አረንጓዴ ቅጠል ሲነሳ ቀለሙ ይዛባል፤ ጨረሩ ከሚታየው ብርሃን ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ስለሚያርፍም የጠርዝ ልስላሴ ሊጨምር ይችላል። ለዚህ ተገቢው ማጣሪያ በሌንሱ ፊት ይገጠማል።

በበጋ እኩለ ቀን በቆላው ወለል ላይ የሚንቀጠቀጠው የሞቀ አየር ከሩቅ የሚነሳን ነገር ሁሉ ያበዥዋል። መለያው ቀላል ነው፦ በተከታታይ በተነሱ ፎቶዎች ብዥታው ቦታና ቅርጽ ይለዋውጣል፤ የሌንስ ጉድለት ግን አይለዋወጥም። ያው ዒላማ በማለዳ ጥርት ብሎ ከወጣ ሌንሱ ነጻ ነው። በደጋው ብርድ ያደረ ካሜራም ወደ ሞቃትና እርጥበት አዘል አየር ሲገባ መስታወቱ ላይ ላብ ሊቋጥር ስለሚችል፣ ሙቀቱ እስኪስተካከል በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ ቢቆይ ይሻላል።

ማጠቃለያ

ለብዥታ መፍትሔ ከመፈለግ በፊት ምንጩን መለየት ይቀድማል። ማቆሚያው የእጅን፣ ድግግሞሹ የተጠቃሚውን፣ ሁለተኛው ሌንስ የካሜራውን፣ ስክሪኑ የመስታወቱን፣ ማለዳው የአየሩን ድርሻ ይለያል። የልኬት መዛባት ከተረጋገጠ ማስተካከሉ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ካሜራውና የተሳሳተው ሌንስ የፈተናውን ፎቶዎች ይዘው አብረው ቢላኩ ይመረጣል። እስከዚያ ድረስ ግን የስሕተቱን አቅጣጫና መጠን ያወቀ ተመራማሪ በኤፍ 5.6 ወይም በኤፍ 8 ከ3 ሜትር በላይ ርቀት በማንሳት የወቅቱን ሥራ ማትረፍ ይችላል። የተጠቀመበትን ቀዳዳና ርቀት በመስክ ማስታወሻው ላይ ከመዘገበ ደግሞ ምስሉ እስከ ምን ዝርዝር ድረስ እንደሚታመን ለአንባቢው ማሳወቅ ይቻለዋል።