የቆመ መኪና የአይጥ ጎጆ እንዳይሆን

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይላል ያገራችን ሰው፣ ጥፋቱን ያደረሰው አንዱ ሆኖ ሳለ ዱላው በሌላው ላይ ሲያርፍ። ይህ ተረት ቃል በቃል በዓይናችን ፊት ሊፈጸም ጥቂት ቀርቶት ስለነበረ፣ ለሌሎችም ትምህርት ይሆናል ብለን ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናወጋው ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ባልደረባችን ሐምሌንና ነሐሴን ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ሲወጣ፣ ትንሿን መኪናውን በመሥሪያ ቤታችን ግቢ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጥግ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር አቁሟት ሄደ። በመስከረም ተመልሶ ቁልፉን ቢያዞር አልነሣም አለች። ባትሪዋ ደክሞ ይሆናል ብለን ገፋናት፤ ምንም ለውጥ የለም። ኮፈኑን ስንከፍት ሦስት አራት ሽቦዎች በስለት የተቆረጡ መስለው አገኘናቸው። ያን ጊዜ የሁላችንም ዓይን ወደ ሽማግሌው ዘበኛ ዞረ።

«አባባ፣ መኪናዋን ማን ነካት?» አልናቸው።

«ኧረ ልጆቼ! እኔ እንኳን ሽቦዋን ልቆርጥ፣ ይህ ክዳኗ በየት በኩል እንደሚከፈት አላውቅም» አሉ።

አላመንናቸውም። እንዲያውም ከመካከላችን ጉዳዩ በጽሑፍ ለአስተዳደር ክፍል ይቅረብ ያለ ነበረ። ደግነቱ ማመልከቻው ሳይጻፍ ሜካኒኩ ደረሰ። የአየር ማጣሪያውን ሣጥን ቢከፍተው ከገለባ፣ ከመቀመጫ ስፖንጅና ከተቦጫጨቀ ጋዜጣ የተሠራ ለስላሳ ጎጆ አወጣ፤ በውስጡም ገና ዓይናቸውን ያልገለጡ አምስት የአይጥ ልጆች ነበሩ። ጋዜጣውም እኛው ስንጽፍበት የኖርነው ነው።

ለመሆኑ አይጥ በመኪና ውስጥ ምን ትፈልጋለች? መልሱ ቀላል ነው፤ ማንኛውም ፍጥረት ከቤቱ የሚፈልገውን ትፈልጋለች። የመኪና ሞተር ዝናብ አይገባውም፤ ድመትና ጭልፊት አይደርሱበትም፤ መኪናው ከመንገድ ሲመለስ ደግሞ ለሰዓታት ይሞቃል። የቤት አይጥ ለመግባት የእርሳስ ውፍረት ያህል፣ ማለት 6 ሚሊሜትር ገደማ ቀዳዳ ይበቃታል። የእርግዝናዋ ጊዜ 3 ሳምንት ያህል ሲሆን ባንድ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ልጆች ትወልዳለች። እንግዲህ ሁለት ወር የቆመ መኪና ለአንድ ቤተሰብ መመሥረቻ ከበቂ በላይ ነው።

ሽቦውን የምትቆርጠውም ርቧት ብቻ አይደለም። የአይጥ የፊት ጥርሶች ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድጉ፣ የምታኝከው ነገር ባገኘች ቁጥር ታኝካለች። አንዳንድ ሰዎች ጥፋቱን የሚሰጡት ለአዳዲሶቹ የሽቦ ሽፋኖች ነው፤ ከአኩሪ አተር ስለሚሠሩ አይጥ ይስባሉ ይላሉ። በአሜሪካ በዚህ ምክንያት ፋብሪካዎችን የከሰሱ ባለመኪናዎች አሉ። ይሁን እንጂ አይጥ አኩሪ አተር የሌለበትንም የድሮ ሽቦ ስትቀረጥፍ የኖረች መሆኗን መርሳት አይገባም።

ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስለን። በካሊፎርኒያ ሴኮያ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሚነራል ኪንግ በሚባለው ሸለቆ፣ ማርሞት የሚባሉ ድመት የሚያህሉ የአይጥ ዘመዶች የራዲያተር ቱቦና የኤሌክትሪክ ሽቦ ይበላሉ። ስለዚህ ጎብኚዎች መኪናቸውን ከሥር ጀምረው በሸራ ይጠቀልላሉ፤ ከመነሣታቸውም በፊት ኮፈኑን ከፍተው ተሳፋሪ መኖር አለመኖሩን ይመለከታሉ።

መኪና አልነሣ ማለቱ ከጉዳቶቹ ሁሉ ቀላሉ ነው። ሽፋናቸው የተላጠ ሽቦዎች ሲነካኩ እሳት ሊነሣ ይችላል። ወደ ፍሬን የሚሄድ ሽቦ ተቆርጦ እንደሆነ አደጋው በመንገድ ላይ ይሆናል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት በዝተዋል፤ እነሱም ቢሆኑ ከአይጥ ጥርስ አያመልጡም። በነዚህ መኪኖች ውስጥ ብርቱካናማ ቀለም ያለው ወፍራም ሽቦ ከፍተኛ ኃይል የሚያልፍበት ስለሆነ፣ ተበልቶ ቢታይ ባለሙያ ሳይመጣ እጅ ማስገባት ፈጽሞ አይገባም።

ታዲያ ምን ማድረግ ይሻላል? «ሳይቃጠል በቅጠል» ነውና ዋናው ነገር አይጥ የምትፈልገውን መንፈግ ነው።

አንደኛ፣ ምግብ አለመተው። የቆሎ ፍሬም ሆነ የልጆች ብስኩት ፍርፋሪ በመኪና ውስጥ አይደር። መኪናውም ከእህል ማከማቻ፣ ከማገዶ ክምር፣ ከቆሻሻ መጣያና ከረጅም ሣር ርቆ ይቁም።

ሁለተኛ፣ መኪናውን ለረጅም ጊዜ አለማቆም። በየጥቂት ቀኑ የሚንቀሳቀስ መኪና ለጎጆ አይመችም። ባለቤቱ ወደ ሩቅ የሚሄድ ከሆነ ቁልፉን ለታመነ ሰው ትቶ፣ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ኮፈኑ እየተከፈተ እንዲታይ ማድረግ አለበት። ገለባ፣ ጥቁር ፍግ ወይም የሽንት ሽታ ከተገኘ እንግዳው ገብቷል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ መግቢያውን መዝጋት። የአየር ማስገቢያው አፍ ቀዳዳው ከ6 ሚሊሜትር በማይበልጥ የብረት ወንፊት በሜካኒክ እጅ ይሸፈን። ጨርቅ መወተፍ ግን እሳት መጋበዝ ነው።

አራተኛ፣ ወጥመድ። አይጥ ግድግዳ ተጠግታ መሄድ ስለምትወድ ወጥመዱ በግድግዳው ሥርና በጎማዎቹ አጠገብ ይጠመድ፤ ትንሽ የለውዝ ቅቤ ይበቃዋል። መርዝ የበላች አይጥ ግን በማይደረስበት ጉድጓድ ገብታ ትሸታለች፤ የበላቻትም ድመት ልትሞት ትችላለች።

ገበያ ላይ የሚወደሱ ሌሎች ነገሮችም አሉ። በማይሰማ ድምፅ አይጥ ያባርራሉ የሚባሉትን መሣሪያዎች በሚመለከት፣ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2001 ከ60 ለሚበልጡ አምራቾችና ነጋዴዎች ማስረጃ የሌለው ማስታወቂያ እንዳያወጡ ማስጠንቀቂያ ልኳል። የናፍታሌን እንክብል በመኪና ውስጥ ማስቀመጥም ከአይጧ ይልቅ ተሳፋሪውን ይጎዳል። የሆንዳ ኩባንያ የሚሸጠው፣ በርበሬን የሚያቃጥለው ቅመም ያለበት የሽቦ መጠቅለያ ግን ለተጠገነ ሽቦ ተጨማሪ መከላከያ ሊሆን ይችላል።

ጎጆው ከተገኘ በኋላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአይጥ ሽንትና ፍግ በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል በደረቁ መጥረግ አቧራውን ወደ ሳንባ መሳብ ነው። የባትሪውን ሽቦ ፈትቶ፣ ጓንት አጥልቆ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጦ ቆሻሻውን ማራስ፣ 5 ደቂቃ ቆይቶም በጨርቅ ማንሣት ይገባል። ሽቦ ባለበት ቦታ ከመርጨት ይልቅ በራሰ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል።

እኛም ሽቦው ከተጠገነ በኋላ ወደ ዘበኛው ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። እሳቸውም ፈገግ ብለው፣ «አይጧን እንኳ ስትመላለስ አያት ነበር። ከምሳችሁ የተረፈውን ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ስትጥሉ እሱን ስትለቅም ታመሻለች። የጠየቀኝ ግን የለም» አሉን።

አዎን፣ አልጠየቅናቸውም። የጠየቅናቸው ማን እንደ ነካት እንጂ ምን እንዳዩ አልነበረም። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ሰው የሚያዝዙና በሰው ላይ የሚፈርዱ ወጣቶች ይህችን ልዩነት ቢያስቡባት መልካም ነው። አይጧን የቀለብናት እኛ ነበርን፤ ልንቀጣ የተነሣነው ግን ሌላ ሰው ነበረ።

ዛሬ የምሳችን ትርፍራፊ ክዳን ባለው በርሜል ይጣላል። ሽማግሌውም የኮፈኑን አከፋፈት ተምረው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የቆሙትን መኪኖች ሁሉ እየከፈቱ ያያሉ።