ቢትኮይን፦ መማሩ ሌላ፣ መግባቱ ሌላ
(በሬዲዮ ከቀረበ ትምህርት ለመጽሔት የተዘጋጀ)

 

 የዛሬው ርዕሳችን ከሚዛን ተፈሪ፣ ከቴፒና ከአካባቢው ቀበሌዎች ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ወጣቱ "ቢትኮይን ሐላል ነው ሐራም?" ይላል። አባት ደግሞ "ልጄ በስልክ ኮርስ ልማር፣ ገንዘብ ስጠኝ፣ በዓመት ውስጥ ፋይናንሻል ፍሪደም እናገኛለን ይለኛል፤ ልስጠው ወይ?" ይላል። በዚህ አገር የቡና ገንዘብ እጅ የሚገባው በዓመት አንድ ወቅት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ያ ገንዘብ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የክረምት ቀለብና የቤት ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን በአንድ ቃል መልሰን ብናልፈው ለቤተሰቡ አይበቃውም።

አንዳንድ ሰው "የማይዳሰስ ነገር እንዴት ገንዘብ ይሆናል?" ብሎ ጉዳዩን እዚያው ይዘጋዋል። ይህ መልስ አያስኬድም። ገንዘብ ምን እንደሆነ አያቶቻችን ከገበያ ተምረውታል። በጅማ የሂርማታ ገበያ አሞሌ ጨው መገበያያ ነበር። ጨዉ ከአፋር በረሃ ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ስለሚመጣ፣ ከተቆረጠበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። ከአሞሌ ጎን ማርትሬዛ ነበረ። 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት፣ የኦስትሪያዋን ንግሥት ምስል የያዘ ብር ነው። ንግሥቲቱ በዚያው ዓመት ሞታለች፤ ብሯ ግን በእኛ አገር ገበያ ከመቶ ዓመት በላይ አገልግሏል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሪባን ሕግ ሲያስተምሩ በስም የጠሯቸው ስድስት ነገሮች ወርቅ፣ ብር፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ተምርና ጨው ናቸው። ዑለማዎች በምክንያቱ ላይ ቢለያዩም፣ ጨው እዚያ ዝርዝር ውስጥ መግባቱ የሚገርመው ሰው ካለ አሞሌን ያስታውስ። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ከግመል ቆዳ ዲርሃም ለማሠራት አስበው፣ ግመል ያልቃል ሲባሉ እንደተዉት የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ኢማሙ ማሊክም ሰዎች ቆዳን ገንዘብ አድርገው ቢገበያዩበት የወርቅና የብር ምንዛሪ ሥርዓት ሊጠበቅበት እንደሚገባ ተናግረዋል። እንግዲህ ገንዘብ የግድ ከዚህ ወይም ከዚያ ነገር መሠራት የለበትም። ዋናው ጥያቄ ማን ይቀበለዋል፣ ማን ይቆምለታል፣ ዋጋውስ ይጸናል ወይ የሚለው ነው።

ወደ ቢትኮይን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የተጠራ፣ ማንነቱ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ሰው ወይም ቡድን ሐሳቡን ጽፎ አወጣ። ሥራው በጥር 2009 ተጀመረ። (ዓመቶቹ ከዚህ በኋላም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ስጠቅስ እናገራለሁ።) አሠራሩን በእድር እንመስለው። በእድር መዝገቡን የሚይዘው አንድ ጸሐፊ ነው፤ ጸሐፊው ቢያጭበረብር ወይም መዝገቡ ቢቃጠል ሒሳቡ ይጠፋል። አሁን የዚያ መዝገብ ቅጂ በእያንዳንዱ አባል ቤት አለ እንበል። አንዱ ለሌላው ገንዘብ ሲሰጥ ሁሉም በየመዝገቡ ይጽፋል፤ አንዱ ቤት የተፋቀ ቁጥር በሌላው ቤት ይጋለጣል። ቢትኮይን ማለት በዓለም ዙሪያ ባሉ ኮምፒዩተሮች ላይ የተቀመጠ እንዲህ ያለ መዝገብ ነው። በአማካይ በየ10 ደቂቃው አንድ አዲስ ገጽ ይጨመራል። ገጹን ለመጨመር ኮምፒዩተሮቹ ከባድ የቁጥር ፍለጋ ይወዳደራሉ፤ ቀድሞ ያገኘው አዲስ ቢትኮይን ይከፈለዋል። ክፍያው በየአራት ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ 3.125 ነው። ጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን እንዳይበልጥ ተወስኗል። አንዱ ቢትኮይን በ100 ሚሊዮን ሳንቲሞች ይከፈላል፤ እነሱም ሳቶሺ ይባላሉ። ስለዚህ "ሙሉውን መግዛት ስለማይቻል በእኛ በኩል ተደራጅታችሁ ግዙ" የሚላችሁ ሰው ከመጀመሪያው ዋሽቷችኋል።

ታዲያ በአፍሪካ ወጣቱ ለምን ይማረክበታል? ምክንያቱ ባዶ አይደለም። በጥር 1994 የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች የሚገበያዩበት ሴፋ ፍራንክ በአንድ ውሳኔ ግማሽ ዋጋውን አጣ። በሴኔጋል ወይም በማሊ ለዓመታት የቆጠበ ቤተሰብ ማለዳ ሲነሳ ቁጠባው ከፈረንሳይ ፍራንክ አንጻር ግማሽ ሆኖ አገኘው። እኛም ሩቅ አንሂድ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ይህን ያየ ወጣት "ማንም በውሳኔ የማያረክሰው ገንዘብ የለም ወይ?" ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የጤና ነው። በአህጉራችንም ይህን በቅንነት የሚያስተምሩ አሉ። በደቡብ አፍሪካ ሞሰል ቤይ ከተማ ዳር በሚገኝ የድሆች ሰፈር ቢትኮይን ኢካሲ የተባለ ሥራ በ2021 ተጀምሯል፤ የሰፈሩ ሱቆች ቢትኮይን እንዲቀበሉ ያስተምራል። እዚያው አገር ክጎታትሶ ንጋኮ የተባለ ባለሙያ በ2022 ማቻንኩራን አወጣ። ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክ፣ እኛ የካርድ ሒሳብ እንደምናይበት ዓይነት ቁጥር በመደወል፣ ቢትኮይን መላክና መቀበል ያስችላል። ይኸው ሰው ስለ ጉዳዩ የተጻፉ ጽሑፎች ወደ አፍሪካ ቋንቋዎች እንዲተረጎሙ የሚሠራ ጥረትም ጀምሯል።

ነገር ግን ስለ ነፃነቱ የሚያወሩ ሰዎች ከታሪኩ ግማሹን ይተዋሉ። በኅዳር 2021 አንዱ ቢትኮይን 69 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። በዓመቱ፣ በኅዳር 2022፣ ከ17 ሺህ በታች ወረደ። በመጀመሪያው ቀን የ100 ሺህ ብር ጀንፈል ሸጦ የገባ ገበሬ በሁለተኛው ቀን በዶላር ሲታሰብ የቀረው ከሩብ ያነሰ ነው። ከዚያ በኋላ በታኅሣሥ 2024 ከ100 ሺህ ዶላር አልፏል፤ እውነት ነው። ግን እስከዚያ ድረስ ሳይሸጥ ሁለትና ሦስት ዓመት የሚታገሥ፣ በመሐሉ ልጅ የማይታመምበት፣ ማዳበሪያ የማይገዛ ቤት የትኛው ነው? ሀብታም ሰው ዋጋው ሲወድቅ ይጠብቃል፤ ደሃ ግን በወደቀበት ቀን ለመሸጥ ይገደዳል። የቡና ሰው ይህን ያውቀዋል። በ2001 የዓለም የቡና ዋጋ በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ሲወርድ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ አለ። በየካቲት 2025 ደግሞ ከ4 ዶላር አለፈ። ጀንፈሉን አድርቆ በጎተራ የሚያቆይ የቤንችና የሸካ ገበሬም ከብር መርከስ የሚሸሽበትን መንገድ ያለ ኮርስ አግኝቶታል፤ ዋጋው ቢዋዥቅም ዕቃው ግን በእጁ ነው።

የአገሪቱን ሕግ በተመለከተ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2022 ባወጣው መግለጫ የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር ብቻ መሆኑንና በክሪፕቶ መገበያየት ያልተፈቀደ መሆኑን አስጠንቅቋል። ወጣቶች ወዲያው "ታዲያ መንግሥት ለምን ቢትኮይን ለሚያመርቱ የውጭ ኩባንያዎች መብራት ይሸጣል?" ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቻይና በ2021 ይህን ሥራ ስትከለክል ኩባንያዎቹ ርካሽ መብራት ፍለጋ ተበተኑ፤ አንዳንዶቹም ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ውል ገቡ፤ ለመብራቱም በውጭ ምንዛሪ ይከፍላሉ። ያ መብራት መሸጥ ነው፤ ለመንግሥት ዶላር ያስገባል። እናንተ በቴፒ ገበያ በቢትኮይን እንድትገዙ የተሰጠ ፈቃድ ግን አይደለም። ሁለቱን አንቀላቅል። ብዙ ሰው በግል ከሰው ለሰው የሚለዋወጠውም ቴዘር የተባለውን፣ አንድ ኩባንያ በዶላር ልክ የሚያወጣውን ነው እንጂ ቢትኮይንን አይደለም። በዚህ ልውውጥ ሐሰተኛ የክፍያ መልእክት ተልኮበት የተዘረፈ ሰው ወዴት ይከሳል? ልውውጡ ራሱ ያልተፈቀደ ነውና አቤቱታው ከመጀመሪያው ይደክማል።

አሁን ወደ ኮርሱ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በ2014 ሩጃ ኢግናቶቫ የምትባል የቡልጋሪያ ተወላጅ ዋንኮይን የሚባል ነገር ይዛ ተነሳች። የምትሸጠው በወረቀት ላይ "የትምህርት ጥቅል" ነበር። ትምህርቱን የገዛ ሰው ሳንቲም ይሰጠዋል፣ ሌላ ሰው ሲያመጣ ኮሚሽን ይከፈለዋል። ከአውሮፓ እስከ ኡጋንዳ ገጠር ሰዎች ከብታቸውን ሸጠው ገቡ። እንደ ቢትኮይን ያለ በሁሉም ዘንድ የሚታይ መዝገብ ግን አልነበረውም፤ ዋጋው በባለቤቶቹ ኮምፒዩተር ላይ የሚጻፍ ቁጥር ነበር። ሴትዮዋ በጥቅምት 2017 ተሰወረች፤ በ2022 የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ከዋና ተፈላጊዎቹ ዝርዝር አስገባት። የጠፋው ገንዘብ 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ሸሪኳ በመስከረም 2023 አሜሪካ ውስጥ 20 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። በደቡብ አፍሪካም ሚረር ትሬዲንግ ኢንተርናሽናል በ2020 መጨረሻ ሲወድቅ ዋና ኃላፊው ከአገር ወጥቶ በ2021 ብራዚል ውስጥ ተይዟል። እነዚህ ሁሉ "ነፃነት" የሚለውን ቃል ከእኛ በተሻለ ይናገሩታል።

ስለዚህ ልጅህ ኮርስ ልማር ሲልህ፣ አባት ሆይ፣ አትቆጣው፤ ጠይቀው። የሚማረው መዝገቡ እንዴት እንደሚሠራ፣ ቁልፉ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ዋጋው ለምን እንደሚወርድ ከሆነ ዕውቀት ነው። ሥርዓቱን የሚያብራራው ጽሑፍም ለሁሉም በነፃ የተለቀቀ ነው። ኮርሱ ግን "ሁለት ሰው አምጣ"፣ "በቀን ይህን ያህል በመቶ ይወለዳል"፣ "ገንዘቡን ለእኛ አስቀምጥ፣ እኛ እንነግድልሃለን" የሚል ከሆነ ትምህርት አይደለም። የተረጋገጠ ትርፍ የሚል ቃል ሲሰማ እህቶችም ቦርሳቸውን ይዝጉ። በእቁብና በሴቶች ስብስብ በኩል የሚገባው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነውና።

የሸሪዓው ብይን በዑለማዎች ዘንድ አንድ አይደለም። የግብጽ ሙፍቲ በጥር 2018 ሐራም መሆኑን አስታወቁ፤ ማጭበርበርና ገረር እንደሚበዛበትም ጠቀሱ። የኢንዶኔዥያ የዑለማ ምክር ቤት በኅዳር 2021 እንደ ገንዘብ መጠቀሙን ከለከለ። በማሌዢያ ግን የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የሸሪዓ አማካሪ ምክር ቤት በ2020 በተመዘገቡ መገበያያዎች መነገዱን ፈቀደ። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ2019 ዱባይ ላይ ተሰብስቦ ጉዳዩ ተጨማሪ ጥናት ይፈልጋል ብሎ ብይኑን አቆየው። ይህን ያህል ታላላቅ ሰዎች የተለያዩበትን እኔ በሬዲዮ በአንድ ቃል ልዘጋው አልችልም። በአገራችን ሁኔታ ግን ሕጉ ያልፈቀደው፣ አቤት የማይባልበት፣ ዋጋው በዓመት ውስጥ ሦስት እጁን የሚጥል ነገር ውስጥ የቤተሰብን ቀለብ ማስገባት አይፈቀድም እላለሁ።

ገረር የሚለውን ቃል የማያውቅ ካለ የቡና ገበሬ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ነጋዴ መጥቶ አበባ ላይ ያለውን ቡና በዛፉ ላይ እንዳለ ሲገዛ ምን ይሆናል? በረዶ ቢመታው ገዢው ይከስራል፤ ዋጋ ቢወጣ ሻጩ ያለቅሳል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፍሬ መብሰሉ ሳይታይ እንዳይሸጥ የከለከሉት ለዚህ ነው። ቢትኮይንን ገዝቶ በእጁ ከሚይዘው ይልቅ በዚህ መልክ የሚጫወተው የከፋ ነው። በመገበያያ ስልኩ ላይ ከሌላው ተበድሮ አሥር እጥፍ የሚወራረድ፣ ነገ ይወጣል ወይ ይወርዳል ብሎ ብቻ የሚያስይዝ ሰው ሪባንና ቁማርን በአንድ ላይ ይዟል። እዚህ ላይ እኔ ጥርጣሬ የለኝም።

ሰብሳቢ የሆናችሁ ወንድሞች፣ ከገበሬው የተረከባችሁት የእሸት ቡና ገንዘብ አማና ነው። "በሦስት ቀን መልሼ እከፍላለሁ" ብሎ ወደ ስልክ ንግድ ማስገባት፣ ትርፍ ቢገኝበት እንኳ፣ የሰው ሐቅ መንካት ነው።

ቀድሞውኑ የገዛና በእጁ ያለው ሰው ግን ሁለት ነገር ይወቅ። ቁልፉ ብዙ ጊዜ 12 ወይም 24 ቃላት ናቸው። እነዚያን ቃላት ያየ ሁሉ ገንዘቡን ይወስዳል፤ እነሱ ከጠፉ ደግሞ ገንዘቡን የሚመልስ ባንክ የለም። ሰውዬው በድንገት ቢሞት ሚስቱና ልጆቹ ሚራሳቸውን ከየት ያገኛሉ? ቃላቱን በወረቀት ጽፎ፣ አሽጎ፣ ያለበትን ቦታ በወሲያው ለታመነ ሰው ያሳውቅ፤ ዕዳ ካለበትም አብሮ ይጻፍ።

ሁለተኛው ዘካ ነው። ሊሸጠው የገዛው ሰው እንደ ንግድ ዕቃ ይቁጠረው። ከሌላው ገንዘቡ ጋር ተደምሮ 85 ግራም ወርቅ የሚያወጣ ከሆነና ዓመት ከሞላው፣ በዘካው ዕለት ባለው ዋጋ አስቦ 2.5 በመቶ ያውጣ፤ በገዛበት ዋጋ አይደለም። ዘካውንም ለሚስኪኑ በሚጠቅመው በብር ይስጥ።

በሚቀጥለው ሳምንት በዛፍ ላይ ቡና መሸጥንና የሰለም ውልን ልዩነት ይዘን እንቀርባለን፣ ኢንሻአላህ።